ወደ ታች ያልደረሰው ቀለበት

ፕሮፌሰሩን ከቤተ ሙከራው ጉድጓድ ሲያወጡት የጆሮ መከላከያው ገና ጆሮው ላይ ነበር። ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ፊታቸውን በመተንፈሻ ጭንብል ሸፍነው በገመድ እየሳቡ አወጡትና ሲሚንቶው ወለል ላይ በጀርባው አስተኙት። ደም የለም፤ ቁስል የለም፤ መነጽሩ እንኳ አልተሰበረም። የተገኘው ከታች ባለው ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ነው፤ ላየው ሰው ሥራ የበዛበት መምህር ትንሽ ያሸለበ ይመስል ነበር።

ኢንስፔክተሯ አጠገቡ በርከክ ብላ ጥቂት ቆየችና ተነሥታ የመጀመሪያ ትእዛዟን ሰጠች።

«የአየር መሳቢያውን ማንም እንዳይነካ። በሩም ይዘጋ።»

የእሳት አደጋ ኃላፊው ጭንብሉን አውልቆ አፈጠጠባት። «ኢንስፔክተር፣ ጋዙ እኮ አሁንም እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ነው!»

«ወደ እኛ ይወጣል?»

«አይወጣም። ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ተኝቶ ነው የሚቀመጠው። ግን አንድ ሰው ቢወርድ…»

«ማንም አይወርድም። ባለበት ይቆይልኝ። እሱም ምስክር ነው።»

ኃላፊው ትከሻውን ሰበቀና ለመውጣት ዘወር አለ። «እርስዎም ቢቆዩልኝ ደስ ይለኛል» አለችው፤ ቆየ።

አዳራሹ ከመሬት በታች ነው። መስኮት የለውም። ግድግዳው ጥቁር ተቀብቷል፤ የብረቱ በር ዙሪያውን ጎማ ስላለው ሲዘጋ ጆሮ ይደፍናል። እዚህ ቤት የሚጠናው አየርና ውሃ በአንድ ምት ሲገፉ የሚሠሩት የሽክርክሪት ቀለበት ነው። ያንን የሚያጠና ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጠላው ነገር ንፋስ ነውና፣ የቤቱ ሠሪዎች አንዲት ትንፋሽ እንዳትገባ አድርገው ደፍነውታል። ኢንስፔክተሯ ዝግ ቤት አትወድም። ሊፍት ሲመጣ እንኳ በደረጃ የምትሄድ ሴት ናት። ያም ሆኖ በሩን ዘግታ ቁልፉን በገዛ እጇ አዙራ ኪሷ ከተተችው።

ከእሳት አደጋ ኃላፊው ሌላ አብረዋት የተዘጋባቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የቤተ ሙከራው ምክትል ኃላፊ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሽበቱን በሥርዓት ያበጠረ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው። ሁለተኛው ቴክኒሻኑ ነው፤ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ ሁሉም «ብሎን» ይሉታል፤ እሱም ስሙን ረስቶ በዚሁ ይጠራል። ሦስተኛዋ የሟቹ ልጅ ናት። የአባቷ ተማሪም ነበረች። ጥግ ላይ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። የጋዙን ቫልቭ የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ምክትሉ ኢንስፔክተሯን ወደ ዳር ወሰዳት።

«እባክዎ አይጨክኑባት» አለ። «ልጅ ናት። ስህተት ነው። ጠዋት የጋዙን ሲሊንደር ከፍታ ለሻይ ወጣች፤ የጎማ ቱቦው በጉድጓዱ ግድግዳ ወርዶ ነው ከታች ያለው የውሃ ገንዳ ጋ የሚደርሰው፤ መጋጠሚያው ላልቶ ኖሯል። ጋዙ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ወንድሜ ሳያውቀው…» መሐረቡን አወጣ።

«ፕሮፌሰሩን በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። እሷ ሻይ ልታፈላ ከወጣች በኋላ በመጥሪያው ጠራሁት። ሪባኑ ተወዛወዘ፤ እጁን ብቅ አድርጎ ‹መጣሁ› አለኝ። ከዚያ እኔም ወጣሁ። ሻይ ላይ ብንጠብቀው፣ ብንጠብቀው ቀረ።»

«እጁን አይተዋል? እርግጠኛ ነዎት?»

«የገዛ ወንድሜን እጅ አላውቅም?»

ኢንስፔክተሯ አመሰገነችው። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አነሣችው፤ አለቃዋ ነው። «ልጅቷ አምናለች አሉኝ» አለ። «በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ ይዘሻት ነይ፤ ምን ያቆይሻል?»

«ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ፣ ጌታዬ። የሚያምነውን ሁሉ ካመንነውማ እኛ ምን እንሠራለን?»

ስልኩን ዘጋች። ልጅቷን እንደገና አየቻት። ያቺ ልጅ ያለ ካቴና ታስራለች። ፍርድ ቤት የፈለገውን ቢል፣ ነገሩ እንዲሁ ከተዘጋ ዕድሜዋን ሙሉ ከዚህ አዳራሽ አትወጣም።

ብሎን የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«የጎማውን መጋጠሚያ ሊያላላ የሚችል መፍቻ የማን ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«የኔ ነዋ! እዚህ ቤት መፍቻ ሁሉ የኔ ነው። ሁሉም ግን ሳይጠይቅ ያነሣል፤ የሚመልስ የለም። ፕሮፍ እንኳ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠመንጃ መፍቻዬን ሻይ ማማሰያ አድርገውት አግኝቻቸዋለሁ።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መጋጠሚያውን በእጄ ፈትሼ አጥብቄዋለሁ፤ በልጆቼ እምላለሁ። ሲሊንደሩም ሙሉ ነበር። ፕሮፍ ወረዱ። ምክትሉ ገቡ። እኔ ወደ ላይኛው ዕቃ ቤት ሄድኩ፤ ከዘበኛው ጋር ሳጥን ስናወርድ ነው ያረፈድነው። ከዚያ ሻይ ላይ ተገናኘን። መሀል ላይ መነጽሬን ረስቼ አንድ ጊዜ ወደዚህ አዳራሽ ወርጄ ነበር።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።» ጭንቅላቱን ያዘ። «ይኸው፣ አሁን ደግሞ በኔ ላይ ሊዞር ነው አይደል?»

«እኔ ነገሩን እንጂ ሰውን አላዞርም። ሁለቱ ወንድማማቾች ይስማሙ ነበር?»

ብሎን ወደ ምክትሉ ገረፍ አድርጎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ሰሞኑን ቤቱ ጥሩ አልነበረም። ያ ልብ ለደከመው ሰው ደም የሚገፋው ፓምፕ የምክትሉ ሥራ ነው። ፕሮፍ ‹ይህ ሰው ይገድላል፣ ይቁም› አሉ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፓምፑን ለሚያጸድቀው ኮሚቴ ሊናገሩ ነበር። ትናንት እዚህ ሲጯጯሁ የኔ ጆሮ መከላከያ እንኳ አልረዳኝም።»

ኢንስፔክተሯ ልጅቷ አጠገብ ሄዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሲሚንቶው ይቀዘቅዝ ነበር።

«ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። መግደልሽን ነግረሽኛል። እሱን ተይውና ጠዋት ያደረግሽውን አንድ በአንድ ንገሪኝ። መጀመሪያ ምን አደረግሽ?»

«እንደ ሁልጊዜው አባዬን በመጥሪያው ሰላም ልለው ሞከርኩ።»

«መጥሪያው ማለት?»

ልጅቷ በጣቷ አሳየቻት። ከጉድጓዱ አፍ በላይ፣ በብረት ክንድ ላይ፣ ወደ ታች የሚያይ ጥቁር ሳጥን ተሰቅሏል።

«ከታች ያለው የገንዳው ፓምፕ ይጮሃል፤ አባዬ ጆሮውን ሸፍኖ ነው የሚውለው። ብንጠራው አይሰማም። ጠረጴዛውም ጉድጓዱን በከፊል ከሸፈነው ሳንቃ ሥር ስለሆነ ከላይ አይታይም። ስለዚህ ቀለበት እንልክለታለን። ወርዶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የተሰቀለችውን ሪባን ሲመታት እጁን ብቅ አድርጎ ያውለበልባል።»

«ቀለበት እንዴት ይላካል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅቷ ቀና አለች። የምታውቀውን ነገር ስትጠየቅ ድምፅዋ ረጋ ይል ነበር።

«ሳጥኑ ከኋላው ስፒከር አለው፤ ከፊቱ አንድ ክብ ቀዳዳ። ማራገቢያ የለውም፤ አየር የሚያመጣለት ቱቦም የለውም። ስፒከሩ ወደ ኋላ ሲል ከቀዳዳው ዙሪያ ካለው ሁሉ አየር ይስባል፤ ወደ ፊት ሲል ግን ፊት ለፊት ብቻ ይገፋል። የሚወጣውን አየር የቀዳዳው ጠርዝ ይጠቀልለውና ቀለበት ሆኖ ይሄዳል። ሳጥኑ መልሶ ቢስብ እንኳ አያገኘውም፤ ርቋል። እንዲታየን ትንሽ ጢስ እንጨምርበታለን።»

«እና ዛሬ ጠዋት ሰላም አለሽ?»

«አልደረሰም። ቀለበቱ ትንሽ ወረደና የሆነ ነገር ላይ እንደ ተቀመጠ ሁሉ ጠፍጥፎ ተዘረጋ። ግፊቱ ረዝሞ ይሆናል ብዬ አሳጠርኩት። ግፊት ከልክ በላይ ሲረዝም ቀለበቱ ይጠግባል፤ የተረፈውን አልቀበልም ይላል፤ ትርፉም ከኋላው እንደ ጅራት ይንዘላዘላል። አሳጥሬ ብልከውም ያው ሆነ። መጥሪያው ተበላሸ ብዬ ተውኩት።»

«ጅራት ነበረው?»

ልጅቷ ዐይኗን ጨፈነች። «አልነበረውም። ሁለቱም ንጹሕ ነበሩ። ዝም ብለው… ተኙ።»

«የት ላይ?»

«ግድግዳው ላይ ቢጫ መስመር አለ፤ የመሰላሉ መጀመሪያ አካባቢ። እዚያ ላይ።»

«ሲሊንደሩን የከፈትሽው ከዚህ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ። ከዚያ በኋላ ነው የከፈትኩት። ለሙከራው ዝግጁ ይሁን ብዬ።»

«መለኪያውን አየሽው?»

«አላየሁም!» እንባዋ እንደገና ፈሰሰ። «ብሎን ሁልጊዜ ሙሉ ነው የሚያመጣው፤ ምን ብዬ ላየው…»

«አጎትሽስ ያኔ የት ነበር?»

«ጋሼ? ከዚያ ማዶ ኮምፒውተሩ ላይ፤ ጀርባውን ሰጥቶን። ‹መጥሪያው አልሠራ አለ› ብዬ ስጮህ ‹ተይው እኔ እጠራዋለሁ› አለኝ።»

ኢንስፔክተሯ እጇን ልጅቷ ትከሻ ላይ ጣለች። አዳራሹ ውስጥ ያለው አየር የተበላ መስሏት ነበር፤ የእያንዳንዱ ሰው ትንፋሽ ይሰማታል። ምክትሉ ወደ በሩ ሄዶ እጀታውን ሞከረ፤ ተመለሰ።

«ኢንስፔክተር፣ በሩን ቢከፍቱልን» አለ። «ወንድሜ ወለል ላይ ተኝቶ፣ እናቷ ላይ ቤት እያለቀሰች… እዚህ ታፍነን መቆየታችን ምን ይረባል?»

«እኔም ታፍኛለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ቶሎ እንድንወጣ አንድ ነገር አብረን እንይ። ብሎን፣ ያን መጥሪያ አውርድና ወንበር ላይ አቁምልኝ። ግፊቱን የሚቆጣጠረውን ቁልፍ ግን እንዳትነካ። ልጅቷ እንደ ተወችው ይቆይ።»

ብሎን ሳጥኑን አውርዶ ወንበር ላይ አቆመው። ኢንስፔክተሯ ከእሳት አደጋ ኃላፊው ላይተር ተቀብላ ከአዳራሹ ማዶ ሻማ አበራች። ልጅቷ ማብሪያውን ስትነካ ከሳጥኑ አንዲት ነጭ ቀለበት ወጣች። ማንም አልገፋትም፤ ማንም አልያዛትም፤ ራሷን እየጠቀለለች ዝግ ብላ አዳራሹን አቋረጠችና ሻማው ጋ ደረሰች። ነበልባሉ ጎንበስ አለና ጠፋ።

«አልተበላሸም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሁላችሁም ወንበር ይዛችሁ ኑ። ጉድጓዱ አጥር ጋ፤ ግን ማንም አያጎንብስ።»

ተቀመጡ። ምክትሉ እግሩን አነባብሮ፤ ብሎን መሣሪያ ሣጥኑን ታቅፎ፤ ልጅቷ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። ኃላፊው በሩ ላይ ቆመ። ብሎን መጥሪያውን ወደ ቦታው መልሶ ሰቅሎት ነበር።

«እኔ የተማርኩት ሕግ ነው» ስትል ጀመረች፤ «ስለ ቀለበት የማውቀው አሁን የነገሩኝን ያህል ነው። ስሳሳት አርሙኝ። ላኪው።»

ልጅቷ ላከች። ቀለበቷ እንደ ቅድሙ ንጹሕ ሆና ወረደች። ቢጫው መስመር ላይ ስትደርስ ትንሽ ሰረገች፣ ወደ ላይ ተመለሰች፣ ከዚያ ሰፍታ፣ ሳስታ፣ የማይታይ ጠረጴዛ ላይ እንደ ፈሰሰ ወተት ተዘረጋች። ከታች በመብራቱ ውስጥ ሪባኗ ቀጥ ብላ ተንጠልጥላለች።



«ለምን?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ከታች ያለው ከባድ ስለሆነ ነው» አለ ምክትሉ ዝግ ብሎ። «ቀለበቱ ቀላል አየር ነው። ከባዱ ጋዝ ውስጥ ሊሰጥም አይችልም። ይህን ማንም ያውቀዋል።»

«አመሰግናለሁ። ስለዚህ ጉድጓዱ ጋዝ ከሞላ ከላይ የተላከ ቀለበት ሪባኗን አይመታም። እንዲህ ነው?»

«አሁን አይመታም። ጠዋት ግን ጋዝ አልነበረም። ስጠራው ደርሶለታል፤ እጁን…»

«አዎ፣ ነግረውኛል። አንቺስ፣ ጠዋት ገና እንደ ገባሽ፣ ሲሊንደሩን ሳትነኪ፣ የላክሽው ቀለበት ምን ሆነ?»

ልጅቷ ጉድጓዱን እያየች ነበር። ስታይ ቆየችና ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ ጨልሞ የኖረ ክፍል ውስጥ መጋረጃ የተገለጠ ያህል።

«ልክ እንደዚህ» አለች። «ልክ እንደዚህ ነው የሆነው። ቢጫው መስመር ላይ። አምላኬ! እንዴት ሳይገባኝ ቀረ? እኔ እኮ ስለ ሳጥኑ ብቻ ነበር የማስበው!»

«ማለትም ጋዙ አንቺ ሲሊንደሩን ከመንካትሽ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። አንቺ የከፈትሽው ባዶ ሲሊንደር ነው። ጋዙ ከዚያ በኋላ ቢጨመር ኖሮ አሁን መስመሩን አልፎ ይገኝ ነበር፤ ግን እዚያው ነው። ለዚህ ነው መሳቢያው እንዳይከፈት ያልኩት።» ወደ ብሎን ዞረች። «አንተም ሻይ ላይ ወርደህ ያደረግኸው ነገር ቢኖር መነጽርህን ማንሣት ብቻ ነው። ሥራው ያኔ አልቆ ነበር። ሥራው ሲሠራ ደግሞ ከዘበኛው ጋር ላይ ነበርክ።»

ብሎን ሳያስበው መሣሪያ ሣጥኑን ለቀቀው፤ መፍቻዎቹ ተንጋግተው ጮኹ።

ምክትሉ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ኢንስፔክተር፣ መጥሪያው ጠዋት ልክ አልነበረም። ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ግፊቱ ረዝሞ ነበር፤ አሳጠርኩትና ደረሰ። የልጅቷ ቀለበት የተበላሸው በዚያ ነው።»

«ጋሼ» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ አልጮኸም፤ እንዲያውም ያዝንለት ይመስል ነበር። «እኔ እኮ አሳጥሬው ነበር። ቁልፉም ይኸው እኔ የተውኩበት ላይ ነው።»

«ከዚያ… መልሼዋለሁ።»

«ግፊቱ ቢረዝም ጅራት ይኖረው ነበር። ጅራት አልነበረውም። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አንድ ጊዜ ዞር ብለህ ብታየው ኖሮ ወዲያው ይገባህ ነበር።»

«አላየማ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። ወደዚህ ጉድጓድ ማየት አልቻለም፤ እሱን አልፈርድበትም። ስለዚህ አንቺ ‹አልሠራ አለ› ስትይ መሣሪያው የተበላሸ መሰለው። ወንድሙ በሕይወት እንደ ነበረ ለማስመሰል በዚህ ቤት ሁሉም በየቀኑ የሚያደርገውን ነገር መረጠ፦ ጠራሁት፣ ሪባኑ ተወዛወዘ፣ እጁን አወጣ። ለሌላ ሰው ጥሩ ውሸት ነበር። ቀለበት ለሚያውቅ ሰው ግን ያቺ እጅ ከየትም ልትመጣ አትችልም።»

ከወንበሯ ተነሥታ ወደ ምክትሉ ዞረች።

«ጠዋት ብሎን መጋጠሚያውን አጥብቆ ወጣ። ፕሮፌሰሩ ወርደው ጆሯቸውን ሸፍነው ሥራ ጀመሩ። እዚህ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። መፍቻው እንደ ሁልጊዜው ተቀምጧል። መጋጠሚያውን አላሉት፣ ሲሊንደሩን እስከ መጨረሻ ከፈቱት። የሚነፋውን ድምፅ ፓምፑ ዋጠው። ጋዙ ሲያልቅ ቫልቩን ዘግተው፣ በኋላ ሌላ ሰው እንዲከፍተው ተዉት። ያ ሌላ ሰው የወንድምዎ ልጅ እንደምትሆን ያውቁ ነበር። ኮሚቴው ከሰዓት በኋላ ነበር አይደል?»

ምክትሉ እጆቹን ተመለከተ። ኃላፊው ከበሩ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«ዕድሜዬን በሙሉ ‹ቆይ› ሲለኝ ቆየሁ» አለ ምክትሉ። «እሱ ካልፈቀደ አልታተምም፤ እሱ ካልፈረመ አልሄድም። እዚህ ምድር ቤት ውስጥ አረጀሁ። ፓምፑ መውጫዬ ነበር። እሱም ልክ ነበር፤ ይገባኛል፣ ልክ ነበር። ግፊቱ ረዝሟል፤ ቀለበቱ የማይቀበለው ደም ወደ ኋላ ይቀራል፤ የቆመ ደም ደግሞ ይረጋል። አስተካክለዋለሁ፣ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ ብዬ ለመንኩት። ‹ሰው ላይ ከተገጠመ በኋላ ነው የምታስተካክለው?› አለኝ።»

«ልክ ነበር እያልክ ገደልከው?» አለ ብሎን። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር፤ ኢንስፔክተሯ በእጇ መልሳ አስቀመጠችው።

ልጅቷ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር።

«ጋሼ፣ ቀለበቱ እምቢ ሲለኝ እኮ ልወርድ ነበር። እግሬን መሰላሉ ላይ አድርጌ ነበር። ሮጠህ መጥተህ ክንዴን ያዝከኝ። ‹ሻይ አፍሊ› አልከኝ። አሁንም ያመኛል፤ እንዲህ አጥብቀህ ነው የያዝከኝ።»

ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አንቺንማ እንዴት አድርጌ!»

«‹አባቴን ገደልኩ› እያልኩ ስጮህ ግን ሰማኸኝ።»

«ልጅ ናት ብለው ይተዉሻል ብዬ…»

«እኔስ? እኔ እተወው ነበር?»

ኢንስፔክተሯ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ በሩን ከፈተች። የኮሪደሩ አየር ሲገባ ሁሉም ሳያውቁት በረጅሙ ተነፈሱ። ኃላፊው ምክትሉን ክንዱን ይዞ አወጣው፤ ፖሊሶች በሕንፃው የኋላ በር ወሰዱት፤ የመኪና በር ሲዘጋ ከሩቅ ተሰማ። ብሎን የአየር መሳቢያውን ከፈተና ሞተሩ ማጉረምረም ጀመረ።

ልጅቷ ከወንበሯ አልተነሣችም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስጠራው በሕይወት ነበር?»

ኢንስፔክተሯ የሚያጽናና ውሸት ፈለገች። ነገር ግን ዛሬ በዚህ ቤት የተነገረው ውሸት በቂ ነበር።

«አላውቅም። ሐኪሙም በትክክል የሚያውቅ አይመስለኝም። የማውቀው ብትወርጂ ኖሮ ዛሬ የማየው ሁለት አስከሬን እንደ ነበር ነው። አንቺ በዚያ መሰላል ላይ አንድም ሰው አታድኚም ነበር።»

ልጅቷ ይህንን ቃል በቃል እየመዘነች እንደ ሆነ ከዐይኗ ይታይ ነበር። ራሷን ነቀነቀች። አባቷ አጠገብ ሄዳ ተንበረከከች፤ የጆሮ መከላከያውን በቀስታ አወለቀችለት፤ ጆሮው አጠገብ ጎንበስ ብላ ማንም ያልሰማውን ነገር ነገረችው።

«ለእናትሽ እኔ ልንገራት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አይ። እኔ ነኝ የምነግራት።»

ደረጃውን አብረው ወጡ። ከላይ፣ በመግቢያው ክፍል፣ ጥቁር ሻርፕ ያደረገች ሴት በዘመዶች መሀል ተቀምጣለች። ልጇን ስታይ ተነሥታ እጇን ዘረጋች፤ ከኋላዋም የሚመጣ ሰው እንዳለ ለማየት አንገቷን አሰገገች።

«መጣሽልኝ፣ ልጄ? ብቻሽን ነሽ? ጋሼሽስ የታለ? እሱን ጥሪልኝ እባክሽ፤ እሱ አጠገቤ ከሌለ ይህን ቀን አልችለውም።»